እሺ ባዩ ፕሪንተር

ስለ መርካቶ ሲወራ እሰማለሁ፦ ግርግሩ፣ ሌባው፣ ጨርቁ፣ ቅመሙ። በጃንሆይ ጊዜ ኮምፒዩተር ነበረበት ብል ማን ያምነኛል? የገዛ ልጆቼ እንኳ "እማዬን ደግሞ ጀመራት" እያሉ ይጠቃቀሳሉ። ይጠቃቀሱ! ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የጨርቅ መደብር ፎቅ ላይ፣ ጣቃ ከተቆለለበት ክፍል አጠገብ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ኮምፒዩተር ነበረ። ለዚያ ኮምፒዩተር አፍ ያበጀሁለት እኔ ነኝ።

የመደብሩ ባለቤት ትልቅ ነጋዴ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። ሰው ሁሉ "ጋሼ" ይላቸው ስለነበር እኔም ጋሼ ልበላቸው። በንዴቴ ብዛት "አንተ" ልላቸው ስንቴ ሞክሬያለሁ መሰላችሁ፤ ምላሴ እምቢ ይለኛል። አስተዳደጋችን ነው፤ የበደለንን ሰው እንኳ "እርስዎ" ብለን ነው የምንረግመው።

ጋሼ ኮምፒዩተሩን ያገኙት በጨረታ ነው። አስመራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ድርጅት ዕቃውን ሸጦ ሲሄድ፣ እርሳቸው ጄኔሬተር ሊገዙ ሄደው ኮምፒዩተር ጭነው መጡ። "ምን ሊያደርግልዎት ነው?" ሲባሉ፣ "የነጋዴውን ሁሉ ሂሳብ እሠራበታለሁ፣ አከራየዋለሁ" አሉ። መርካቶ ውስጥ የማይከራይ ነገር የለም፤ ማንም አልሳቀባቸውም። ችግሩ ሌላ ነበር። የመጣው ዋናው ሣጥን ብቻ ነው። ከሚያነብበትና ከሚጽፍበት ዕቃ አንዱ ጠፍቷል፣ አንዱ ተሰብሯል፣ አንዱን ሌላ ሰው በዚያው ጨረታ ወስዶታል። ጋሼ ዓይናቸውን ሳያሹ "የጎደለውን ከዚህም ከዚያም እናሟላለን" አሉ፣ የጭነት መኪና ይመስል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ስማር ቆይቼ፣ በተማሪዎች ረብሻ መሐል ትምህርቴን ያቋረጥኩ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ካርድ በሺ ሆኜ ተቀጠርኩ። ካርድ መብሳት ማለት ማሽኑ የሚያነበውን ካርድ ለመቅደድ ቀኑን ሙሉ እንደ ታይፒስት ቁልፍ መደብደብ ነው። ማሽኑ የሚያስበው ማዶ ባለው ክፍል ነበር፤ እዚያ የሚገቡት ደግሞ ወንዶቹ ናቸው። ለምሳ ሲወጡ መጽሐፋቸውን እየወሰድኩ አነበብኩ፤ እያነበብኩም ፕሮግራም መጻፍ ለመድኩ። አለቃዬ ሲያውቅ "የት ሊያደርስሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። አባቴ በርበሬ በረንዳ ደላላ ነበር፤ ጋሼን ያውቃቸዋል። "የዚህን ማሽን ቋንቋ ልጄ ታውቃለች" ብሎ ወስዶ አገናኘኝ።

ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "አንቺ ልጅ፣ ይህን ሣጥን አናግሪልኝ። የማመጣለትን ዕቃ ሁሉ ተቀብሎ እንዲሠራ አድርጊልኝ። ያን ቀን ክፍሉ ያንቺ ነው። ኃላፊዋ አንቺ፣ ሠራተኛ የምትቀጥሪው አንቺ። ቃሌ ነው" አሉኝ። ወረቀት አልጠየቅኩም። መርካቶ ውስጥ ሙሉ መኪና በርበሬ በቃል ይሸጣል፤ ወረቀት ይጻፍልኝ የሚል ሰው "ሌባ ነህ" እንዳለ ነው የሚቆጠረው። በዚያ ዘመን የተማረች ሴት ወይ ታይፒስት ናት፣ ወይ ነርስ፣ ወይ የአንድ ሰው ሚስት። እኔ ያቺን ክፍል ፈለግኳት። ከካርድ በሺዎቹ ማን ማንን አስመጥቼ እንደማስተምር ሁሉ በልቤ መርጬ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም፤ ልጆቼም ይስሙኝ።

ዕቃው መምጣት ጀመረ። በሽቦ የመጣለትን መልእክት እንደ ታይፕ የሚመታው ቴሌፕሪንተር ከተዘጋ ቢሮ፣ ካርድ አንባቢውና አሮጌው ፕሪንተር ከአንድ መጋዘን፣ የተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚያነበው ከየት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ከመሐላቸው ሁለቱ እንኳ አንድ አገር አልተሠሩም። ሽቦውን የሚያገናኝልኝ አንድ ወሎዬ ራዲዮ ሠሪ ነበር፤ ሱቁ ከመደብሩ ጀርባ ናት፣ እጁ ወርቅ፣ አፉ ቀልደኛ። አንዱ ዕቃ ሥራ ይሰጠኝ ብሎ ሰዓት እየቆጠረ ያንኳኳል፤ አንዱ እስኪጠየቅ ድረስ ዝም ይላል፤ አንዱ ፊደሉን ከኋላ ወደ ፊት ይሰጣል። ከፋብሪካ የመጣው ፕሮግራም ደግሞ የሚያውቀው የገዛ ፋብሪካውን ዕቃ ብቻ ነው። እኔም መጀመሪያ የእያንዳንዱን አመል ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ጻፍኩት። ምን ዋጋ አለው! አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ዋናውን መክፈት፤ ዋናው በተከፈተ ቁጥር ትናንት ይሠራ የነበረው መበላሸት። ጋሼ እንደሆኑ በየሳምንቱ አንድ ጉድ አሸክመው ይመጣሉ። "እህቴ፣ ወላሂ ነገ የስፌት መኪናም ግጠሚለት ይሉሻል" ይለኝ ነበር ራዲዮ ሠሪው።

መላውን ያገኘሁት አባቴ ሲሠራ ቆሜ ሳይ ነው። በርበሬ በረንዳ ገዢ በቀጥታ ሻጩን አያናግርም። አንዱ ሻጭ ከማረቆ ነው፣ አንዱ ከአላባ፤ አንዱ ቁጡ ነው፣ ሌላው ከነቤተሰቡ ደህንነቱ ካልተጠየቀ ዋጋ ሳይጠራ ያኮርፋል። ገዢው ይህን ሁሉ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ደላላውን ይጠይቃል፦ አለ? ዝግጁ ነው? አምጣ። የሻጩን አመል የሚያውቀው ደላላው ነው፤ ለገዢው የሚመልሰው ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አነጋገር ነው። እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ በርበሬው እያስነጠሰኝ፣ ነገሩ በራልኝ። ዋናው ፕሮግራም የማንንም ዕቃ ስም አይወቅ! እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ትንሽ ፕሮግራም፣ የራሱ ደላላ ይኑረው፤ ደላላ ሁሉ ግን ለአንድ ዓይነት ጥያቄ አንድ ዓይነት መልስ ይስጥ። አለህ? ዝግጁ ነህ? ተቀበል። ስጥ። መስጠት የማይችል ዕቃ ከሆነ ደላላው "አልችልም" ብሎ እቅጩን ይናገር። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ደላላ ይጻፍለትና ደላላዎቹ የተዘረዘሩበት ሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፤ ዋናው አይነካም። ዛሬ ልጆቹ ደላላውን "ድራይቨር"፣ ዋናውን "ከርነል" ይሉታል። ያኔ ስሙን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

የመጨረሻዋን ጥያቄ የጨመረልኝ አባቴ ነው። ወረቀት ላይ ስዬ ሳስረዳው፣ "ልጄ፣ እዚህ ሰፈር 'እሺ' የማይል ሰው አለ እንዴ?" አለኝ። "የደላላ ሥራ የሚያልቀው እሺ ሲባል አይደለም፤ ኩሊው ጆንያውን አውርዶ ወገቡን ሲያቀና ነው።" እውነቱን ነው። ስለዚህ "ጨረስክ?" የምትል ጥያቄ ጨመርኩ። አንድ ዕቃ "እሺ" ብሎ ሥራ ከተቀበለ በኋላ በጊዜው "ጨረስኩ" ካላለ፣ ዋናው ሥራውን ይነጥቀውና ያንኑ መሥራት ለሚችል ለሌላ ይሰጠዋል። ከዚያ ቴሌፕሪንተሩ ላይ ደወል ደውሎ ጥፋተኛውን ይጽፋል።

ጋሼ የሚጻፈው በአማርኛ ይሁን አሉ። "የኔ ማሽን በፈረንጅ አፍ አያወራም!" ቴሌፕሪንተሩ ያለው የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፍኩላቸው። የማሽኑ ሜሞሪ ጠባብ ስለነበረ ቃሉ አጭር መሆን ነበረበት። "የተቀበለውን ሥራ በጊዜው አልፈጸመም" ለማለት ቦታ የለም። "ዋሽቷል" ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ባሳየኋቸው ጊዜ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሥራው ያለቀ ዕለት ራዲዮ ሠሪው አሮጌው ፕሪንተር እየጻፈ ሳለ ገመዱን መዠረጠው። ደወሉ ጮኸ፤ ስሙና ጥፋቱ ተጻፈ፤ የቀረው ሥራ ከቆመበት መስመር ጀምሮ በቴሌፕሪንተሩ ቀጠለ። "ያ አላህ! ይሄ ነገር እኮ ከሰው ይሻላል!" ብሎ ጮኸ። እኔ አለቀስኩ። ገና ልጅ ነኝ፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ግን ሠራሁት። ክፍሉ የኔ ነው አልኩ። ጋሼም "ጎበዝ! ለነጋዴው ሁሉ እናሳይና በዚያው ቀን ቁልፉን አስረክብሻለሁ" አሉ።

አማቻቸው የመጡት እዚህ ላይ ነው። የጋሼን ሴት ልጅ ለልጃቸው ያመጡ፣ እሳቸውም ነጋዴ የሆኑ ሰው ናቸው። "ለአማቼ ማሽን ምርቃት ባዶ እጄን አልመጣም" ብለው ትልቅ ፕሪንተር አሸክመው ገቡ። ያብረቀርቃል። "ከካርቶን ወጥቶ አያውቅም፤ ከውጭ ነው ያስመጣሁት" አሉ፣ ሰው በተሰበሰበበት። ራዲዮ ሠሪው ክዳኑን ሲከፍት ቀለሙ እጁ ላይ ቀረ። ውስጡ ምን አለሽ ተራ ነው፤ የቆርቆሮ ቅጥያ፣ ከሌላ ማሽን የተነቀለ ጥርስ። ይባስ ብሎ "ዝግጁ ነኝ" የምትለዋ ሽቦ ከኤሌክትሪኩ ጋር ተበይዳለች። ወረቀት ኖረም አልኖረም፣ ሠራም አልሠራም፣ ሲጠየቅ "እሺ" ነው መልሱ። ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይነክሳል፣ ጥርሱ ተጣብቆ ቀጥ ይላል። "እህቴ፣ ይሄ ሞቶም እሺ ይላል" አለኝ ራዲዮ ሠሪው።

ሄጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። "ይህ ፕሪንተር አይታመንም፤ ለምርቃቱ አሮጌው ይበቃናል" አልኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"አማቼን ነው የማይታመን የምትይው?"

"ኧረ ጋሼ፣ ማሽኑን ነው!"

"ማሽኑን ያመጣው ማነው? ግጠሚው! ከየትም ይምጣ ይሠራል ብለሽኝ የለ?"

ብያለሁ። ደግሞም እውነቴን ነበር። ደላላ ጻፍኩለትና "ሁለተኛው ፕሪንተር" ብዬ ሰንጠረዡ ላይ አስገባሁት። ቢነክስም ዋናው ይይዘዋል፣ ሥራው አይቋረጥም ብዬ ተማመንኩ። በሥራዬ መተማመን ነውር መሆኑን ማን ነግሮኝ?

የምርቃቱ ቀን ክፍሉ በነጋዴ ተሞላ። ቄሱም ሼሁም መረቁ፤ ቆሎና ለስላሳ ዞረ። ጋሼ አማቻቸውን ከፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው ከጎናቸው ቆመዋል። የማሽኑን ማስነሻ ነካሁ። የመደብሩ ዕቃ ዝርዝር በአዲሱ ፕሪንተር መውረድ ጀመረ፤ ሰው አጨበጨበ። ጥቂት ገጽ እንደሄደ ሞቀና ነከሰ። "እሺ" ይላል፣ ወረቀቱ ግን ቆሟል። ደወሉ ጮኸ፤ ቴሌፕሪንተሩ ቀጭ ቀጭ አለ። ወዲያው አሮጌው ፕሪንተር ከጥግ ተቀብሎ ቀጠለ። አንድ መስመር አልጎደለም፣ አንድ መስመር አልተደገመም። ማንም እጁን አልሰነዘረም! ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ያን ጊዜ በዚያች ከተማ እንደዚያ የሚሠራ ሌላ ነገር የነበረ አይመስለኝም።

ጋሼ የሆነው አልገባቸውም። የገባቸው ማሽኑ አማርኛ መጻፉ ነው። "አያችሁ! አማርኛ ነው የሚያወራው! እስቲ አንተ፣ ጮክ ብለህ አንብብልን!" አሉት የፈረንጅ ፊደል የሚያውቅ አንድ ወጣት ነጋዴ። እሱም አነበበ፦ "ሁለተኛው ፕሪንተር ዋሽቷል።"

ከኋላ አንዱ "ሁለተኛው የትኛው ነው?" ሲል ሌላው "የአማችየው ነዋ!" አለው። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። መርካቶ አንዴ ከሳቀ ምሕረት የለውም። "ከካርቶን አልወጣም ያሉት?" "ወጥቶማ ምን አለሽ ተራ ከርሞ ነው የመጣው!" ሰውየው ባርኔጣቸውን አነሡ፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ደረጃውን ወረዱ።

አማች ፊት እኮ ጮክ ተብሎ አይወራም፤ አማች ፊት እንደ ልብ አይበላም። ጋሼ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ማሽናቸው፣ በገዛ አፋቸው "አንብብ" ብለው አማቻቸውን ዋሾ አሰኙ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ልጃቸው ሻንጣዋን ይዛ ከባሏ ቤት ተመለሰች። የባሏ አባት "አባትሽ ጋ ሂጂ" ብለዋታል። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የፕሪንተር ነገር መሆኑ ቀረ።

ጋሼ ወደ አማቻቸው ሽማግሌ ላኩ። ሰውየው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፕሪንተሩ ደህና እንደነበረ፣ የተሳሳተው የእኔ ፕሮግራም እንደሆነ በሽማግሌ ፊት ይነገር። ጋሼ አስጠሩኝና "አንቺ ልጅ፣ ለልጄ ትዳር ስትይ ተሳስቻለሁ በይ። እውነቱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ክፍሉ የትም አይሄድብሽም" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ ካልኩ ነገ ሥራዬን ማን ያምነዋል?"

"አይ አንቺ! ማሽን ነው፣ አይከፋውም።"

"እኔን ይከፋኛል" ብዬ ወጣሁ። በቀጥታ ራዲዮ ሠሪው ሱቅ ሄድኩ። "ሽቦዋን አንተ አይተሃታል፤ መስክርልኝ" አልኩት። የያዘውን ራዲዮ እያገላበጠ፣ ቀና ሳይል፣ "እህቴ፣ ያየሁትን አላህ ያውቃል። ሱቁ ግን የጋሼ ነው፤ ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?" አለኝ። አልተቀየምኩትም ብል ዋሸሁ።

እምቢ ስል ጋሼ ወደ አባቴ ዞሩ። እኔ ይህን አላወቅኩም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ቤት ትፈለጊያለሽ ተባልኩ። ስገባ ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል፤ አማችየው ከላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። ጥፋተኛ፣ ወይም የጥፋተኛ ወገን፣ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። አባቴ የተሸከመው ድንጋይ እንኳ አይደለም፤ በርበሬ የሚመዘንበትን ትልቁን የሚዛን ብረት ነው። እኔ እንዳልሸከም እሱ ተሸከመው። "ልጅ ናት፣ አታውቅም። ፕሪንተሩ ደህና ነው፤ የተሳሳተችው እሷ ናት" አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "እስቲ ይማሉ" አሉት።

አባቴ "ልጄ ትሙት!" ብሎ ማለ።

በሽማግሌ ፊት ልጅ አይናገርም። ቢናገርስ? "ውሸት ነው" ብል አባቴን፣ ያን ብረት ተሸክሞ የተንበረከከውን ሰው፣ በሐሰት ምለዋል ማለቴ ነው። እንዴት ተደርጎ ይባላል? አልተባለም። ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ።

ብረቱ ወረደ፤ ተሳሳሙ፤ ልጅቷም ወደ ባሏ እንድትመለስ ተወሰነ። እኔ ሞኟ ታዲያ ከዚያ ሁሉ በኋላ ቁልፉን ጠበቅኩ! ጋሼ ግን በዚያው በተቀመጡበት "የማሽኑን ክፍል የአማቼ ታናሽ ልጅ ይያዘው፤ ይቺ ልጅ ትረዳዋለች" አሉ። አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ ቃልዎስ?" አልኩ።

"ምን ላድርግሽ? በተሳሳተ ሥራ ክፍል ይሰጣል? እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ አባትሽ ምለዋል እኮ።"

አንድም ሽማግሌ ቀና አላለም። ያ ሁሉ ሰው ያውቃል! እዚያ ቤት ውስጥ እውነቱ የጠፋው ሰው አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው ይኸው አርጅቼም አልጠራም።

ልጁን አልረዳሁትም፤ ደረጃውን ዳግመኛ አልወጣሁትም። በኋላ እንደሰማሁት ደላላዎቹን እንዳሉ ተጠቀመባቸው። አዲስ ዕቃም ገጥሟል አሉ፣ ዋናውን ሳይነካ፣ ልክ እኔ እንዳሰብኩት። ያስወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ጨረስክ?" የምትለዋን ጥያቄ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። ፕሪንተሩ እየነከሰ ግማሽ ወረቀት ባዶ ሲወጣ፣ ነጋዴው የጎደለ ሂሳብ ይዞ "ደህና ነው" እየተባለ ይሸኝ ነበር። ጃንሆይ ከወረዱ በኋላ መደብሩ ተወረሰ፤ ማሽኑ የት እንደገባ አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅ።

ያን እሁድ ከጋሼ ቤት ከአባቴ ጋር በእግር ነበር የተመለስነው። ብረቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞታል። ኮቱ ትከሻው ላይ ተጨማዷል። እንጀራዬን ያተረፈልኝ መስሎት ነበር፤ ጋሼ ያንኑ መሐላ አንሥተው እኔን ሲመቱበት ያየ ጊዜ ነው የገባው። ከሰፈራችን ስንደርስ ቆመ።

"ልጄ" አለኝ፣ "ያን መሐላ እግዜር አይስማው። ከአፌ ነው እንጂ ከልቤ አልወጣም።"

"አይጨነቁ አባባ" አልኩት። "እግዜር ባይሰማ፣ ጋሼ ሰምተዋል።"

ብረቱን ወደ ሌላኛው ብብቱ አዛወረና መንገዱን ቀጠለ።